የተሾመች ግጥም በእኔ የእጅ ጽሑፍ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ በቦንጋ ከተማ የእንግሊዝኛ ግጥም የሚገባው ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ቃሉን ያነባሉ፤ እኔ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን አያለሁ። ይህንንም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገር ነበር። አባቴ መሐመድአሚን ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ሚስማር፣ ደብተርና ጫማ ይሸጣል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር "ይቺ ልጄ ፈርዶስ ናት፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው" ይላል። እኔም ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ዛሬ ራሴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። እንደዚያች ፈርዶስ ያለች ተማሪ ክፍሌ ውስጥ ሳገኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ እፈራለሁ።

ዓመቱ 2004 ነበር። ትምህርቱን የምንማረው ከፕላዝማ ነው። ፕላዝማ የምንለው ግድግዳው ላይ በብረት ሣጥን የተቆለፈውን ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር፤ ቁልፉ የክፍል አለቃው ኪስ ውስጥ ይውላል። ሰዓቱ ሲደርስ አንዲት ሴት ብቅ ትልና የማንንም አገር በማይመስል እንግሊዝኛ መናገር ትጀምራለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ "ሠላሳ ሰከንድ አላችሁ" ትላለች፤ ጥግ ላይ ቁጥሩ ወደ ታች ይቆጥራል፤ ዜሮ ሲደርስ "በጣም ጥሩ!" ብላ ታመሰግነናለች። ሰባ ሁለት ተማሪ አፉን እንኳ አልከፈተም። አስተማሪያችን ቲቸር ውባየሁ ኋላ ተቀምጠው አብረውን ያያሉ። እሳቸው የሚደርሳቸው ከፕላዝማው በፊት አምስት፣ ከፕላዝማው በኋላ አሥር ደቂቃ ነው። መብራት የጠፋ ቀን ግን ክፍለ ጊዜው በሙሉ የእሳቸው ይሆናል። ቦንጋ ደግሞ ዝናቡም መብራት መጥፋቱም አያልቅባትም።

አንድ ቀን ፕላዝማዋ ሴትዮ ስለ አሮጌ ድልድይ የተጻፈ ግጥም አነበበችልን። ድልድዩ ተሰብሯል፤ አንድ ሽማግሌ ወዲያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። "ድልድዩ ምንን ይወክላል?" አለችና ሠላሳ ሰከንድ ሰጠችን። መልሱ ሕይወት ነበር፤ ሽማግሌውም ጊዜ ነበር። ለካ ድልድዩ ድልድይ አልነበረም! ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ ምንም ነገር ራሱን መሆን አቆመ። ዝናብ ሐዘን ሆነ፤ መንገድ ዕድል ሆነ፤ የሱቃችን የተጣመመ ሚዛን ሳይቀር ፍትሕ ሆኖ አረፈው። ደብተሬ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ "በግጥም ውስጥ ምንም ነገር የተባለው አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በዚያ ዓመት ደግሞ አገሩ ሁሉ አንድ ለአምስት ነበር። ገበሬው በአንድ ለአምስት ይደራጃል፣ የቢሮ ሠራተኛው በአንድ ለአምስት ይገመገማል፣ እኛም ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስት ተቧደንን። አንድ ጎበዝ አምስት ሰነፍ ይጎትታል ነው ነገሩ። የቡድናችን መሪ እኔ ሆንኩ። ከአምስቱ አንዷ፣ አግዳሚ ወንበር የምትጋራኝ፣ ተሾመች ነበረች።

ተሾመች ከማንኪራ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ ጫካ ቡና ይለቅማሉ፣ ንብ ያረባሉ። ቦንጋ የምትኖረው ከአጎቷ ከጋሽ ግዛቸው ጋር፣ በትምህርት ቤታችን በር አጠገብ ባለችው የዘበኛ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ግዛቸው ዘበኛችን ነበሩ፤ በር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት እየመቱ ይደውላሉ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛ አንድ በአንድ እየጠሩ ያነባሉ። ሲመሽ የተሾመችን ደብተሮች ሁሉ ተቀብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይገልጣሉ። ይህን ስትነግረኝ ቀናሁባት። የእኔ አባት በዚያ ሁሉ ጉራው አንድ ቀን እንኳ ደብተሬን ገልጦ አያውቅም ነበር።

ጋሽ ግዛቸው ይፈልጉ የነበረው ትምህርቷን እንዳልሆነ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጅቷ ለማንም ሰው ምንም ነገር እንዳትጽፍ ነበር የሚጠብቁት።

ተሾመች አማርኛ ስትናገር ቃል ትቆጥባለች። ቤት ውስጥ የሚናገሩት ካፊኖኖ ነው፤ አማርኛው ለቢሮና ለትምህርት ቤት የሚወጣ ነገር ነበር። ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። እኔ ግን ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ፤ ስለዚህ እሷን ደደብ አድርጌ ነበር የያዝኳት። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን እንደዚያ ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ነገር ሆኖ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የጊምቦ ልጅ ለቲቸር ውባየሁ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፈች። "በሚቀጥለው ሳምንት ይድሩኛል" የሚል ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ነበረበት። ቲቸር ደብተሩን እንደያዙ ወደ ወረዳ ሴቶች ጉዳይ ሄዱ፤ ሰዎቹም ከፖሊስ ጋር ሄደው ሠርጉን አስቀሩት። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ይህን ያወራ ነበር። ልጅቷ ያኔም እዚያው ትማር ነበር፤ ስታልፍ በጣት እንጠቋቆምባት ነበር። እኔ ታሪኩን እንደ ተረት ሰማሁት። ተሾመች እንዴት እንደሰማችው ያኔ አላሰብኩበትም።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ ላይ ቲቸር ውባየሁ የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዱ ተማሪ ስለራሱ ሕይወት ስምንት መስመር ግጥም በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ስድስት ክፍል፣ በየክፍሉ ሰባ ተማሪ ስለሚያስተምሩ ይህን ሁሉ ብጫቂ ወረቀት ማረም አይችሉም። ስለዚህ የቡድን መሪው ከአባሎቹ ይሰበስባል፣ የፊደል ስህተት ያርማል፣ በአንድ ድርብ ወረቀት ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ ያስረክባል። እኔ ደግሞ ጽሑፌ እንደ ታተመ ነው የሚባልልኝ።

ተሾመች የሰጠችኝ በዕረፍት ሰዓት ከመማሪያ ክፍሉ ኋላ ነበር። ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ ከጡቷ ሥር ወጣ፤ በላብ ርሷል።

"እንዳለ ገልብጪው" አለችኝ።

"ስህተት ካለስ?"

"ይኑር። አትንኪው። አንድም።"

"እኔ እኮ መሪ ነኝ፤ ማረም አለብኝ" አልኳት።

ወደ በሩ አየች። ጋሽ ግዛቸው ቸርኬው ሥር ተቀምጠው እኛን ይመለከታሉ። "ፈርዶስ፣ በናትሽ" አለችኝና ሄደች። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትዕቢተኛ ሰነፍ አላየሁም ብዬ አሰብኩ።

እንግሊዝኛው ጎርባጣ ነበር። በአማርኛ እንዲህ ይላል።

*አጎቴ በሩን ይጠብቃል።*
*ከዋጫ አንድ ሰው መጣ፤ ሚስቱ ሞታበታለች።*
*ለአባቴ ሁለት እንስራ ማር አመጣ።*
*ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ይወስደኛል።*
*እኔ መማር እፈልጋለሁ።*
*አጎቴ አማርኛ ያነባል።*
*ይህን ግን አያነብም።*
*ቲቸር፣ እርስዎ ያነባሉ።*

ዛሬ እያንዳንዱን መስመር በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን በሱቃችን ባንኮኒ ላይ ዘርግቼው የተሰማኝ ንቀት ነበር። ይህ ግጥም ነው እንዴ? ምስል የለው፣ ተምሳሌት የለው! አጎቷ እውነትም ዘበኛ ናቸው፤ በሩን ቢጠብቁ ምን ይገርማል? የሟቿ ሚስት ነገር ለጨዋታ የገባ መሰለኝ። ማሩን ግን ወደድኩት፤ ማር አንድ ነገር ይወክላል። "ምስኪን" አልኩ፤ "ጥሩ ሐሳብ መጥቶላት እንዴት እንደምትለው ጠፍቷት ነው።" ልረዳት ተነሳሁ። በክፋት ያደረግሁት ነገር አልነበረም፤ በክፋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይቀለኝ ነበር።

"አጎቴ" የሚለውን ሰርዤ "ጨለማ" አልኩ፤ ጨለማ በሩን ይጠብቃል። የዋጫው ሰው "ከሩቅ የመጣ እንግዳ" ሆነ፤ ግጥም ውስጥ የዋጫ ከተማ ምን ታደርጋለች? ማሩ "ጣፋጭ ቃል" ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ቅዳሜ "አንድ ቀን" ሆነ። በመጨረሻዎቹ መስመሮች ላይ ብዙ አሰብኩ። ለአስተማሪ በስም መናገር ማሽቃበጥ ይመስላል፤ ቡድኑን ያስነቅፋል። ስለዚህ ሦስቱንም አወጣኋቸውና በቦታቸው ስለ ንጋትና ስለ ወፎች ሦስት ቆንጆ መስመር ጨመርኩላት። ከዚያ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከሥሩ "ተሾመች" ብዬ፣ አሳምሬ ገለበጥኩት። የእሷን ወረቀት ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥኩ።

በሳምንቱ መብራት ጠፋ። ቲቸር ውባየሁ ደስ ብሏቸው ከኋላ ተነሡና የቡድኖቹን ወረቀት ይዘው ከፊታችን ቆሙ። ሃምሳውን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የነጣ ሰው ነበሩ። "ዛሬ የሴትዮዋን ግጥም ትተን የራሳችንን እናያለን" አሉ። ከዚያ የተሾመችን ግጥም አወጡ። ያ የእኔ ግጥም፣ የእኔ ጨለማ፣ የእኔ እንግዳ፣ በእሳቸው ድምፅ ሲነበብ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ተሾመች አጠገቤ ነበረች። መጀመሪያ ደነገጠች፤ ወረቀቱን ሳይሆን የቲቸርን ፊት ትኩር ብላ አየች። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቷ ፈካ።

"ይህ እንግዳ ማን ነው? ምንን ይወክላል?" ቲቸር ጠየቁ።

"ኤችአይቪን!" አለ አንዱ ከኋላ። በዚያ ዘመን ግድግዳው ሁሉ የእሱ ፖስተር ስለነበር የማናውቀው ነገር በሙሉ ኤችአይቪ ነበር።

"ድህነት!"

"ኋላ ቀርነት!"

"ባለቤቷን እንጠይቃት" አሉ ቲቸር። "ተሾመች፣ ተነሺ። እንግዳሽ ማን ነው?"

ተነሣች። ጋሽ ግዛቸው ደወል ሊመቱ በመስኮቱ ሥር እያለፉ ነበር፤ ባርኔጣቸው ታየ፤ ቆመ። ተሾመች መስኮቱን አየች፣ ቲቸርን አየች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ያን ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

"አላውቀውም፣ ቲቸር" አለች።

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸርም ሳቁ። በምስጋናው ሰክራ ነው አልኩ በልቤ፤ የራሷ ባልሆነ ግጥም! ሳይፈቅዱልኝ እጄን አውጥቼ ተነሣሁና እንግዳው ድንቁርና እንደሆነ፣ ጨለማው ያለፈው ዘመን እንደሆነ፣ የምትጠብቀው ልጅም አፍሪካ እንደሆነች ሠላሳ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ አስረዳሁ። ተጨበጨበልኝ። ቡድናችን ከአሥር አሥር አገኘ።

በሕማማት ሰኞ ጋሽ ግዛቸው ሱቃችን መጡ። የሴት ጫማ፣ ሠላሳ ስድስት ቁጥር፣ አንድ ጃንጥላና የፀጉር ቅባት ጠየቁ። አባቴ ጫማውን ከመደርደሪያ እያወረደ "ለማን ነው፣ ጋሽ ግዛቸው?" አላቸው።

"ለወንድሜ ልጅ ነው። በበዓሉ ትሄዳለች።"

አባቴ እጁ ላይ ያለውን ጫማ አየው። "ገና ልጅ አይደለችም እንዴ?"

"አባቷ ጨርሷል፣ መሐመድአሚን። ሰውየው ደህና ሰው ነው፤ ቡና አለው፣ ከብት አለው። ትምህርቱስ የት ያደርሳታል?"

"እሱስ እናንተ ታውቃላችሁ" አለ አባቴ። ጫማውን በጋዜጣ ጠቀለለላቸው። እኔ ስኳር እየመዘንኩ ሁሉንም ሰማሁ፤ የገባኝ ግን ተሾመች ለፋሲካ አዲስ ጫማ መገዛቷ ብቻ ነበር። ያበሳጨኝም ለእኔ በዚያ ዓመት ለዒድ ጫማ አለመገዛቱ ነበር። ሲወጡ አባቴ በሩን እያየ ቆሞ ቀረ። "አባዬ ምን ሆንክ?" ስለው "በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባን፤ እኛ እንግዳ ሰዎች ነን" አለኝ። ቡታጅራ ተወልዶ ቦንጋ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ሰው ነበር። ገብቶት እንደነበር አሁን አውቃለሁ፤ እሱም ይህን ይዞ ነው የሞተው።

ሐሙስ ዕለት የገጠር ልጆች ለበዓል ወደየቤታቸው ሊሄዱ ደብተራቸውን ሲሸክፉ ተሾመች ክንዴን ያዘችኝ።

"ቲቸር ገብቶታል፣ አይደል?" አለችኝ።

"እንዴታ! ከአሥር አሥር ነው እኮ የሰጡን!"

"ገብቶታል" አለች ለራሷ። "እንግዲያው አልሄድም።"

"የት?"

"ጂማ። አክስት አለችኝ። ልሄድ ነበር። አሁን አልሄድም፤ ማንኪራ እሄዳለሁ።"

"መልካም ፋሲካ" አልኳት። በዓልን ጂማ ማሳለፍ እንዴት ደስ ይላል፣ ምን ዓይነት ሞኝ ናት ብዬም አሰብኩ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰኞ ስሟ ሲጠራ አልነበረችም። ማክሰኞም አልነበረችም። የዶሮው መረቅ አላለቀም ይሆናል እያልን ቀለድን። በሁለተኛው ሰኞ ቲቸር ውባየሁ ስም ሲጠሩ በየሳምንቱ ከማንኪራ የሚመላለሰው በእምነት የሚባል ልጅ "ቲቸር፣ ተሾመች አግብታለች" አለ። "ቅዳሜ ወሰዷት። የዋጫ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበት ነው።"

ቲቸር የስም መጥሪያውን ዘጉት። ከዚያ በአማርኛ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ለምን አልነገረችኝም?" አሉ። ወጥተው ወደ በሩ ሄዱ። ጋሽ ግዛቸው ላይ ሲጮኹ በመስኮት ሰማን፤ ጋሽ ግዛቸው ሲመልሱ አልሰማንም። ፕላዝማው በርቶ ሴትዮዋ ብቻዋን ታወራ ነበር።

እኔ ደብተሬን ከፍቼ በአራት የታጠፈውን ወረቀት አወጣሁ። አነበብኩት። ማሩ ማር ነበር። ዋጫ ዋጫ ነበረች። ቅዳሜውም ቅዳሜ ነበር፤ ያለፈው ቅዳሜ። በግጥሙ ውስጥ ሁሉም ነገር የተባለው ነበር።

ምን አደረግሽ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ በዕረፍት ሰዓት ወረቀቱን ቀዳድጄ ሽንት ቤት ጣልኩት። ያን ቀን እንኳ ለቲቸር ብሰጣቸው ዋጫ ድረስ ይሄዱ ነበር፤ እንደሚሄዱ አውቅ ነበር። ልጅቷ ከተወሰደች ገና ሁለት ቀን ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ የተደረሰባት ልጅ ትመለስ ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። የፈራሁት ደግሞ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ጎበዝ መባሌ እንዳይቀርብኝ ነው። ከዚያ በኋላ ቲቸር ውባየሁ ግጥም አጽፈውን አያውቁም።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ጥቂት ዓመት ሌላ ቦታ ሳስተምር ቆይቼ በ2015 ዋጫ ተመደብኩ። ምደባውን ሳይ እንዲለወጥልኝ ለምኜ ነበር፤ ምክንያቱን ግን ስላልነገርኳቸው አልተለወጠልኝም። አንድ ዓመት ሙሉ በገበያ ቀን ከቤት አልወጣሁም። በ2016 የወላጆች ቀን ግን እሷው መጣች። ማዕረግ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አለችኝ፤ ልጅቷ "እናቴ ናት" ብላ እጇን ይዛ አመጣቻት። የዚያ ሰው ሚስት ስትሞት ጥላት የሄደችው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ተሾመች ወፍራለች፤ ከፊት አንድ ጥርሷ የለም። አወቀችኝ።

"ፈርዶስ! አንቺ ነሽ የልጄ አስተማሪ?" ብላ አቅፋ ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። እኔ እንድትተፋብኝ እንጂ እንድትስመኝ አልጠበቅሁም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን እንደጎዳት እንደምታውቅ፣ ያን ቀን የሳቀችውም እንዲሁ በሞኝነት እንደሆነ ነበር የማስበው።

አጥሩ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ስለ ማዕረግ ጠየቀችኝ፤ ጎበዝ እንደሆነች ነገርኳት። "አባቷ አሥረኛን ትጨርስና ይበቃታል ይላል። እኔ አለሁ፣ አይሆንም እለዋለሁ" አለች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች "ያ ውባየሁ አለ?" አለችኝ።

"አሉ። ጡረታ ወጥተዋል። ቦንጋ ናቸው።"

"ይኑር። እኔ ግን ይቅር አልለውም።"

"ምን አደረጉሽ?"

"ጻፍኩለት፤ አንቺ ራስሽ ነሽ የወሰድሽልኝ። ሁሉን ጻፍኩለት። ገባው። ክፍል ውስጥ ሲያነብ እኮ ለወጠው፤ አጎቴን ጨለማ አለው፣ ቅዳሜን አንድ ቀን አለው። አጎቴ በመስኮቱ እንዳይሰማ ብሎ ለእኔ ደበቀልኝ አልኩ። እንግዳው ማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ ሳቄ መጣ። እያወቀ ይጫወታል አልኩ።" እግሯን አየች። "የጂማ መሳፈሪያ ነበረኝ፤ ጫማዬ ውስጥ። ሐሙስ ልጠፋ ነበር። እሱ ገብቶታል፣ ባለፈው ዓመት ለዚያች ልጅ እንደመጣ ይመጣል ብዬ ተውኩት። በገዛ እግሬ ማንኪራ ገባሁ። ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ መንገዱ የሚታይበት ቦታ ተቀመጥኩ። ሲያለብሱኝም መንገዱን እያየሁ ነበር። እስኪመሽ። ውባየሁን ነው የማልረሳው። የወሰደኝ ባሌማ፣ እሱስ ደህና ነው፤ አልመታኝም። የማልረሳው ገብቶት የቀረውን ነው።"

ወላጆች በአጠገባችን እያለፉ ነበር። ማዕረግ ወዲያ ማዶ ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች። ያን ጊዜ ዝም ብል ዳግመኛ አፌን የምከፍት ስላልመሰለኝ ተናገርኩ።

"ተሾመች፣ እሳቸው አልለወጡትም። እኔ ነኝ። ያንቺን ወረቀት አላዩትም።"

አላመነችኝም። ፊቴን ስታይ አመነች።

"አንቺ?"

"እኔ።"

"አትንኪው ብዬሽ ነበር እኮ።"

"ብለሽኝ ነበር።"

"ለምን?"

"ግጥም እንዲመስል" አልኳት።

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ጉልበቷ ላይ ያለውን የነጠላዋን ጫፍ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ፤ በእጇ አስቆመችኝ።

"ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ንገሪው" አለች። "አሥራ ሁለት ዓመት የረገምኩት እሱን ነው። አንዴ ለስብሰባ ዋጫ መጥቶ ገበያ ላይ 'ተሾመች' ብሎ ጠራኝ። ሰው እያየ ጀርባዬን ሰጠሁት። ቆሞ ቀረ።" ተነሣች። "የማዕረግን ጽሑፍ ደግሞ አትንኪባት" አለችኝና ልጇን ጠርታ ሄደች።

ቅዳሜውን በመጀመሪያው ሚኒባስ ቦንጋ ገባሁ። ከመናኸሪያ በባጃጅ ወጣሁ፤ ይዘንብ ነበር። ቲቸር ውባየሁ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ራሳቸው በሩን ከፈቱልኝ፤ በመጀመሪያ አላወቁኝም፤ ሲያውቁኝ ግን "ፈርዶስ! የአፍሪካዋ ልጅ!" ብለው ሳቁ። ያንን መልሴን አስታውሰው ነው። መሬት ውስጥ ብገባ ወደድኩ።

ወንበር ሰጡኝ። ዋጫ እንደማስተምር ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። "ዋጫ አንዲት ተማሪ ነበረችኝ" አሉ። "ምን እንደበደልኳት አላውቅም። አንድ ቀን አገኘኋት፤ ልታየኝ አልፈለገችም። ጥፋቴን እስከዛሬ እፈልገዋለሁ። ለምን አልነገረችኝም? ለሌላዋ ደርሼ የለ? የማልታመን ሰው ነኝ ወይ?"

ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ወረቀቱ የት እንደገባም ሳይቀር። በመሀል አላቋረጡኝም። እያለቀስኩ ነበር፤ እሳቸው አላለቀሱም።

"መንገዱን ስታይ ዋለች?" አሉኝ።

"እስኪመሽ ድረስ።"

"እኔን ስትጠብቅ?"

"እርስዎን።"

መነጽራቸውን አወለቁ፤ በእጃቸው ይዘውት ቀሩ። ማንኪራ ከቦንጋ በእግር ለሚሄድ ብርቱ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።

"የፋሲካ ሰሞን ነው" አሉ፤ ለእኔ አልነበረም የሚናገሩት። "ትዝ ይለኛል። ያን ቅዳሜ እዚሁ ቤቴ ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ። ምንም ሥራ አልነበረኝም።"